ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጠፋ ከመፍታታችሁ በፊት ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ፣ ስለ መኪና ስትጽፉ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፉ ነው፣ እሱም መጻፉ ጥሩ ነው ግን እኛ መሪ ይዘን የምንውል ሰዎች በጣም የምንፈራው ሌላ ነገር አለ፣ እሱም እየሄደ እያለ ድንገት የሚጠፋ የናፍጣ ሞተር ነው። ይሄን የምጽፈው መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም፣ አይደለሁም። ዶልፊን ሚኒባስ ይዤ ከ15 አመት በላይ ቤተሰቤን ያስተዳደርኩ ሹፌር ነኝ፣ በዚች መኪና ምክንያት ያየሁትን ሌላ ሰው እንዳያይ ብዬ ነው፣ ረዘመ ብላችሁ ብትቆርጡትም ስለ ጀሪካኑ ያለውን እባካችሁ አትቁረጡት።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም ጥር ላይ ነው። የሰርግ ወቅት ነው፣ የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ታገባ ነበር፣ እናቴን ጨምሮ 12 ሰው ጭኜ ከአዲስ አበባ በሌሊት ወጣሁ። መኪናዋ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር ሞተር ነው ያላት፣ የድሮ ነው፣ ኮምፒውተር ምናምን የለውም፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓውም በሜካኒካል የሚሰራ ነው። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ምንም አላለችም። አባይ በረሃን ወርደን ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን ስንጀምር ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየሳበች እያለ አቅም አጣች፣ ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ እንደሚያንቀላፋ ሰው ሆነች፣ ሁለት ሶስቴ ነዘረችና ጸጥ አለች። በቃ። ከኋላዬ የጫነ ሲኖትራክ እየመጣ ነው፣ በግራ ገደል ነው፣ እናቴ ማርያም ማርያም ትላለች።

እዚህ ጋ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ናፍጣ መኪና ላይ ፍሬኑን የሚያለሰልሰው ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል ማለት ነው) የሚሰራው ሞተሩ ሲዞር ነው፣ በኔዋ መኪና ቫኪዩም ፖምፓው ከዲናሞው ጋር ነው የተያያዘው። ሞተሩ ሲጠፋ ተጠራቅሞ የቀረው ቫኪዩም ለአንድ ለሁለት እርግጫ ይበቃ እንደሆነ ነው፣ ከዛ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ስለዚ ፍሬኑን እየለቀቁ ደጋግሞ መምታት አደጋ ነው፣ አንዴ ረግጦ ይዞ መቆየት ነው ያለበት፣ የእጅ ፍሬንም አብሮ፣ ማርሽም ውስጥ አስገብቶ መተው። ቁልፉን ደግሞ መኪናው ሳይቆም እስከ መጨረሻው መልሶ ማጥፋት አይገባም መሪው ሊቆለፍ ይችላል። እኔ ይሄን የማውቀው ስለተማርኩ አይደለም፣ የዛን ቀን እግሬ ስለነገረኝ ነው፣ ፔዳሉ ሲደርቅ ምን እንደሚሰማ እስካሁን አልረሳሁትም። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገልኝ፣ ሰዎቹን አወረድን፣ ሲኖትራኩም እግዚአብሄር ይስጠው ከሩቅ አይቶን ቆመ።

አስር ደቂቃ ገደማ ቆመን ነገሩን ስናይ ስንነካካ፣ እስቲ ልሞክራት ብዬ ቁልፍ ብሰጣት ተነሳች። ምንም እንዳልሆነች ሆና። ከዛ ስድስት ኪሎሜትር ያህል እንደሄድን አሁንም ያንኑ። ደጀን የደረስነው ሶስቴ ቆመን ነው። ሰርጉን በልተን ጠጥተን ስንመለስ ግን (ጭነቱ ስለቀለለ ይመስለኛል) አንዴ ብቻ ነው የጠፋችው፣ እሱም ከአባይ ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ችግሩ የነሱ ብቻም አይደለም። መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ ቀየሩ፣ ልክ ነው፣ ርካሽም ነው፣ እኔም ብሆን ከሱ ነበር የምጀምረው። ከተማ ውስጥ አንድ ሳምንት በደንብ ሰራች። ከዛ ሰው ሞልቼ ወደ ሱሉልታ ስወጣ እንጦጦ ዳገት ላይ ጠፋች። ሁለተኛ ስሄድ "ይሄ ፖምፓው ነው" ተባልኩ። ማን አየው? ማን ለካው? ማንም። ሞተር ሲጠፋ ፖምፓ ነው የሚባለው ስለሆነ ነው። ፖምፓው ወርዶ ፖምፓ ወደሚያስሩበት ሄደ፣ ተፈታ፣ አንዳንድ ነገር ተቀየረለት፣ ናፍጣ የሚረጩት አራቱም ኖዝሎች ተቀየሩ፣ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ወደ 24 ሺ ብር ወጣብኝ፣ ያኔ 24 ሺ ብር ለኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ከእቁብ ላይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ለ9 ቀን ደግሞ መኪናዋ አልሰራችም። ስትወጣ ድምጿ ጥሩ ሆኗል፣ ጭሷም ቀንሷል፣ እሱን አልክድም። ግን በሁለተኛው ሳምንት እዛው እንጦጦ ላይ እንደገና ጠፋች። ሶስተኛ ጊዜ ደግሞ ናፍጣ የምትዘጋዋን ሶሌኖይድ ቀየሩ። አራተኛ ጊዜ ስሄድ ሞተሩን እንክፈተው ማለት ጀመሩ።

አንድ የሰፈሬ ሹፌር ነው ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የላከኝ። ትልቅ ጋራዥ የላቸውም፣ በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ናት። እኔ እንደደረስኩ ኮፈኑን የሚከፍቱ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን በርጩማ አምጥተው ተቀመጥ አሉኝ።

"ልጄ፣ ሲጠፋ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠፋው? እንደ አምፖል ነው ወይስ እንደ ኩራዝ?"

አልገባኝም ነበር። "ማለት ጋሼ?" አልኳቸው።

"አምፖል ማብሪያውን ስትነካው ድርግም ይላል። ኩራዝ ግን ላምባው ሲያልቅ ይንቦገቦጋል፣ ይቀንሳል፣ ይጠፋል። ያንተው የቱ ነው?"

እንደ ኩራዝ ነው አልኳቸው። ቀጠሉ፣ ሜዳ ላይ ጠፍቶብህ ያውቃል? ከተነሳ ስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚጠፋው? ታንከሩ ሙሉ ሲሆን ነው ወይስ ሲጎድል? ከጠፋ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚነሳው? ሲጠፋ የናፍጣውን ክዳን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ፣ ፍስስስ የሚል ድምጽ አለው? ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ስትጫናት ትደርቃለች ወይስ ትለሰልሳለች? እኔ ግማሹን መመለስ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እስከዛች ቀን ድረስ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ አይቼውም አላውቅም። አራት ጊዜ ጋራዥ ገብቼ አንድ ሰው እንኳን ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው አላለኝም። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ከዛ ጀሪካኑን አመጡ። አምስት ሊትር የምትይዝ ንጹህ ጀሪካን፣ ውስጧ የሚታይ ናፍጣ፣ ውስጣቸውን የሚያሳዩ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች። ከታንከር ወደ ፊልትሮ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው በጀሪካኑ ቀየሩት፣ ከፖምፓው ተመልሶ ወደ ታንከር የሚሄደውንም ነቅለው ወደዛው ጀሪካን መለሱት፣ መላሹን ካልመለስከው አምስቱ ሊትር ሳታስበው ወደ ታንከር ይገለበጣል አሉኝ። ጀሪካኑን ደግሞ እላይ ኮርኒስ ላይ እንዳላስረው ከለከሉኝ፣ ከፍ ካለ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ፖምፓው መሳብ ቢደክምም አይታወቅም፣ ስለዚ ከወለሉ ላይ ነው የታሰረው በደንብ እንዳይገለበጥ ተደርጎ። ከዛ አሸዋ በጆንያ ጭነን እንጦጦን ሶስት ጊዜ ወጣናት ወረድናት። አንዴም አልጠፋችም። ቱቦው ውስጥም አንድ የአየር አረፋ አልታየም።

በዛች አንድ ጠዋት ምን እንደታወቀ አስቡት። ፖምፓው ደህና ነው። ኖዝሎቹ ደህና ናቸው። ፊልትሮው፣ ሶሌኖይዱ፣ ሞተሩ፣ ሁሉም ደህና ነው። ጥፋቱ ከፊልትሮው በፊት ነው፣ ታንከሩ ውስጥ ወይ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ባለው መስመር ላይ። ወጪው አምስት ሊትር ናፍጣ ብቻ ነበር።

ታንከሩን አወረድነው። ናፍጣውን ቀድተን ከጨረስን በኋላ ከስሩ ዝገትና ጭቃ ወጣ፣ ከጭቃው ጋር ደግሞ የመዳፍ ያህል የጥቁር ፌስታል ቁራጭ። ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትገረሙ፣ ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን በጀሪካን የገዛሁት ጊዜ ነበር፣ የጀሪካን ክዳን ጎማው ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል፣ ፌስታል ከስር አድርጎ ያጠብቀዋል አይደል? ሲከፈት ተቀደደና ገባ። ሞተሩ ከባድ ሲስብ፣ ማለት ዳገት ላይ ብዙ ናፍጣ ሲፈልግ፣ ፌስታሉ እየተሳበ ሄዶ መሳቢያው ቱቦ አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ መውረጃ ላይ ቅጠል እንደሚወተፈው ማለት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ስበቱ ይቀራል፣ ፌስታሉ ይለቃል፣ አስር ደቂቃ ቆይተህ ስታስነሳው ይነሳል። ሜዳ ላይ ስበቱ ትንሽ ስለሆነ አይደርስበትም። የነገርኳችሁ ምልክት በሙሉ ይሄንኑ ሲናገር ነበር፣ የሚሰማው ነው ያጣው። ታንከር ማውረድ፣ ማጠብ፣ መመለስ፣ 800 ብር ከፈልኳቸው። ፌስታሉን እሳቸው ወሰዱት፣ ለተለማማጅ ልጆች ለማሳየት።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄን ነገር እየጠየቅኩ እየተከታተልኩ ብዙ ተምሬያለሁና የሚጠቅማችሁን ልጻፍ። እንደ ኩራዝ እየቀነሰ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የናፍጣ መምጫው ነው። ፊልትሮ የተደፈነ፣ ቱቦ የታጠፈ፣ የታንከር ክዳን መተንፈሻ የተዘጋ (ክዳኑን ስትከፍተው ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከዛ በኋላ ከተነሳ እሱ ነው፣ ይሄ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም)፣ ወይም አየር የሚስብ ቱቦ። አየር ስለሚስብ ቱቦ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ናፍጣ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሁሉም ያየዋል፣ በነዚህ በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ ግን ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ፖምፓው እየሳበ ነው የሚሰራው፣ ስለዚ የተሰነጠቀ ጎማ ናፍጣ ወደ ውጪ ላያንጠባጥብ ይችላል፣ አየር ወደ ውስጥ ነው የሚስበው። ደረቅ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ግን ሞተሩን ይገድለዋል። ለዚህ ነው ሽማግሌው ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ የሚጠቀሙት፣ አረፋው በአይን ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ፋሸታውን (ቱቦውን የሚያስረውን ቀለበት) ማጥበቅ ብቻ ይበቃል፣ አንድ ሜትር ጎማ ቱቦ ቀይሮ ሁለት ፋሸታ ማሰር ስንት ነው? ከፖምፓ ማሰር ጋር ይወዳደራል?

እንደ አምፖል ድርግም የሚል ከሆነ ግን ናፍጣውን ትታችሁ ሽቦውን ተከተሉ። እንደኔዋ ባሉት በነ2ኤል 3ኤል 5ኤል ሞተሮች ላይ ፖምፓው ጀርባ ላይ ያለችው ሶሌኖይድ 12 ቮልት ካላገኘች ወዲያው ትዘጋለች። ቁልፍ ስትከፍቱ ጠቅ ትላለች፣ ጠቅ ካላለች መብራት አልደረሳትም ወይ ተበላሽታለች። እየሄደ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሶሌኖይዷ ሳትሆን የቁልፍ ማብሪያው ውስጥ ያለ የተቃጠለ ኮንታክት፣ የላላ ፊዩዝ፣ ወይም በኋላ የተገጠመ አላርም ወይ ጂፒኤስ ሊሆን ይችላል። አላርም የሚገጥሙ ልጆች ያንን ሽቦ ቆርጠው ሪሌ በሚባል ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ያሳልፉታል፣ መቀጠያውን በቴፕ ብቻ ጠቅልለው የሚተዉት አለ፣ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ይለቃል ይይዛል። ለመለየት ከባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ፊዩዝ ያለው ሽቦ በቀጥታ ለሶሌኖይዷ ሰጥቶ መንዳት ነው፣ ካልጠፋ ጥፋቱ ከቁልፍ እስከ ሶሌኖይድ ያለው ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ እንደዛ ስታደርጉ መኪናውን በቁልፍ ማጥፋት አይቻልም፣ ሽቦውን መንቀል ነው ያለባችሁ፣ ይሄን የማያውቅ ሰው እጅ ላይ እንዳትተዉት።

አሁን ደግሞ ስለ አዲሶቹ። ጎረቤቴ 2ኬዲ ሞተር ያለው ሃይሉክስ አለው፣ ኮመን ሬል የሚባለው፣ ናፍጣው ሬል በሚባል አንድ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት። አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲጠፋበት እንደ አምፖል ነው፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤም ቀስት በአንዴ ዜሮ ይወርዳል፣ ወደ ዳር አውጥቶ 20 ደቂቃ ሲቆይ ይነሳል። ወሰደው፣ ጥፋት የሚያነብ ማሽን አስገቡለት፣ ከዛ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አጠፉት። ሳይጽፉት። መብራቱ ጠፋ ተባለና ሄደ። ሁለተኛ ሲጠፋበት ናፍጣ የሚረጩትን አራቱንም ኢንጀክተር አስቀየሩት፣ የዋጋውን ነገር ተዉት። ሶስተኛ ጊዜ ሌላ ጋ ሲሄድ ልጁ ኮዱን በወረቀት ጻፈ፣ ፒ0335፣ የክራንክ ሴንሰር መስመር ማለት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሴንሰሩ አብሮ ይሞቅና ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እየዞረ መሆኑን አያውቅም፣ ናፍጣ መርጨት ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሴንሰሩ በእጅ የምትያዝ እቃ ናት። ልጁም ቢሆን ኮዱን አይቶ ወዲያው ግዛ አላለውም፣ ሶኬቱንና ሽቦውን አየ፣ ሞተሩን አሙቆ እስኪጠፋ ጠበቀ፣ ሲጠፋ ለካው፣ ከዛ ነው ግዛ ያለው። ወጣት ነው፣ 25 አመት አይሞላውም፣ እንደዚህ አይነት ልጆች እኮ አሉን፣ ያልተመሰገኑ።

ኮድ ማለት የት አካባቢ መፈለግ እንዳለብህ የሚነግር ነው እንጂ ምን መግዛት እንዳለብህ የሚነግር አይደለም። ፒ0087 ሲወጣ ሬሉ ላይ ያለው ግፊት አነሰ ማለት ነው፣ በቃ። የተደፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል፣ አየር ሊሆን ይችላል፣ ፖምፓው ላይ ያለችው ናፍጣ የምትመጥነው ቫልቭ ተጣብቃ ሊሆን ይችላል (ይቺ ነገር ሞተሩን በተለይ ነዳጅ ለቀህ አደባባይ ላይ ፍጥነት ስትቀንስ ታጠፋዋለች)፣ ወደ መላሽ የሚያፈስ ኢንጀክተርም ሊሆን ይችላል። የኢንጀክተር መላሽ ቱቦው በውጪ የሚገኝ ሞተር ላይ ደግሞ በየቱቦው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞላ ያ ነው ጥፋተኛው። አራቱን በጅምላ ማስቀየር ምን አመጣው?

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እባካችሁ ይሄን ጎላ አድርጋችሁ አትሙት። በድሮ ሞተር አየር ለማስወጣት የኖዝሉን ዳዶ ላላ አድርገን ሞተሪኖ (ማስነሻውን) እንመታለን፣ ሁላችንም አድርገነዋል። ኮመን ሬል ላይ ይሄን እንዳታደርጉ። ሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ሞተሩ እየሰራ ዳዶ ከላላ የሚወጣው ናፍጣ በአይን ላይታይ ይችላል፣ ቆዳን ግን ይበሳል። የተወጋው ቦታ ትንሽ ነጥብ ነው የሚመስለው፣ ሰውየው ይስቅበታል፣ ውስጡ ግን ስጋውን ይጎዳዋል፣ እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ይሄ የሆነበት ሰው አላመመኝም ሳይል ወዲያው ሀኪም ቤት መሄድ አለበት። ድሮ በሜካኒካል ፖምፓ ያደጉ ጎበዝ መካኒኮች አዲሱ መኪና ላይ የለመዱትን ሲያደርጉ አያለሁ፣ እፈራላቸዋለሁ።

ስለ ናፍጣው ራሱም ትንሽ ልበል። ነዳጃችን ከውጪ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት እጅ ነው የሚያልፈው። ሰልፍ ሲበዛ ደግሞ ሰው በጀሪካን ከየትም ይገዛል፣ እኔም ገዝቼ ምን እንደደረሰብኝ ነገርኳችሁ። ቦቴ ማደያው ላይ እየገለበጠ እያለ ባትቀዱ ይሻላል፣ መሬት ውስጥ ያለው ታንከር ስሩ ይበጠበጣል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ቦታ ታንከር ባዶ አድርጎ ማሳደርም ጥሩ አይደለም፣ በሌሊት ውስጡ ያለው አየር ላብ ያወጣል፣ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ይሆናል። ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ትንሽ ከፈት አድርጎ ውሃውን ማስወጣት የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የምትበራውን ቢጫ የፊልትሮ ምልክት ደግሞ ሴንሰሩን ነቅሎ ማጥፋት፣ ይሄን የሚያደርግ ሹፌር አውቃለሁ፣ ወንድሜ ሆይ እሷ የምትጮኸው ላንተ ብላ ነው።

በ2016 ዓ.ም መንግስት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ ያሉን የናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ አመት አብረውን ይኖራሉ ብዬ ነው የማስበው፣ ማን ይጥላቸዋል? እድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ቱቦው ይደርቃል፣ ሽቦው ይሰነጠቃል፣ ታንከሩ ይዝጋል። ስለዚ ይሄ መንገድ ላይ የመጥፋት ነገር የሚቀንስ አይመስለኝም። የመኪና እቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ እቃ መግዛት የሚቻለው ጥፋቱ ከታወቀ ነው፣ ካልታወቀ እቃ መግዛት መድሃኒት ቤት ገብቶ ከፊት የተገኘውን ክኒን መዋጥ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ መኪና ጠፍቶብን ስንቆም አራቱን ፍሬቻ ማብራት፣ ትሪያንግል ካለ ከኋላ ራቅ አድርጎ፣ በተለይ ከመታጠፊያው በፊት፣ ማስቀመጥ። ትሪያንግል የሌለው ቅጠልና ድንጋይ ያደርጋል፣ ይሁን። ግን መኪናው ሲነሳ ድንጋዩን እዛው ትቶ መሄድ! አባይ በረሃ ላይ ረዳቴ የኛን ድንጋይ ለማንሳት ሲመለስ ከመታጠፊያው ጀርባ ሌላ ሰው ትቶት የሄደ የራስ ቅል የሚያህል ሁለት ድንጋይ አገኘ። በሌሊት ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ቢያገኘውስ? ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለት ማርሽ አውጥተው፣ የሚነዱ አሉ፣ ሞተሩ እዛ ላይ ቢጠፋ በማርሽ የሚይዝህ ነገር የለም፣ ፍሬኑም እንደነገርኳችሁ ሁለት እርግጫ ነው፣ ከዛ በኋላ ምን ይዞህ ልትቆም ነው?

እንግዲህ የምለምነው ይሄን ነው። መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት መኪናው ሲጠፋ ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ፣ ስንት ሰአት እንደነዳችሁ፣ ዳገት ነው ሜዳ፣ ታንከሩ ስንት ነበር፣ ድርግም ነው ወይስ እየቀነሰ፣ ምን አይነት ጭስ፣ የሙቀት ቀስቱ የት ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ። ሙቀቱ ከወጣ ወይም የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ እንደገና ለማስነሳት አትሞክሩ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሞተሩ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል ማለት ነው። መካኒኩንም "ቶሎ ጨርስልኝ" እያልን ነው የምናበላሸው፣ መርምሮ ለማወቅ ሰውየው ግማሽ ቀን ከፈጀበት የግማሽ ቀኑን እንክፈለው፣ እቃ ካልገዛ ገንዘብ የማይሰጠው ከሆነ እቃ ማስገዛቱ አይቀርም። የተቀየረውን አሮጌ እቃም ተቀብላችሁ ሂዱ። ጋራዦች ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛዎችም ልጆቹን መፍታትና መግጠም ብቻ ሳይሆን መጠየቅን አስተምሯቸው፣ ከነዚያ ሽማግሌ አይነት ሰዎች ጋር አንድ ወር ቢያስቀምጧቸው ይበቃል።

ፖምፓ የምታስሩ ባለሙያዎች ደግሞ በተለይ እናንተን ነው የምለው። መኪናዬ እየሄደ ይጠፋል ብሎ ፖምፓውን በጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሲመጣባችሁ ከመፍታታችሁ በፊት በጀሪካን ሞክረሃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። አልሞከርኩም ካለ መልሱት፣ አንድ ስራ ዛሬ ይቀርባችሁ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዶልፊን ሹፌር፣ ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ